የእኔ ሥራ፣ የሌላ ሰው ማህተም

ዛሬ መሥሪያ ቤቴ የራሴን ሥራ ከሌላ ድርጅት ገዝቶ አስረከበኝ።

ከሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ሥርዓት እምብርት፣ ጋር አብሮ የሚሠራ ነጻ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት የኮድ ስብስብ) አለ። ከርነሉ በተለወጠ ቁጥር እሱም ይለወጣል። እኔ ቡራዩ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ መብራት ሲኖር፣ ማንም በቀላሉ እንዲጭነው ፓኬጅ እያደረግኩ ኢንተርኔት ላይ በነጻ እለቀዋለሁ።

ባለፈው ወር "ይሄን እንጠቀም፣ ነጻ ነው" ስል የግዢ ኃላፊያችን ኦቦ ገመቹ "ሦስት ፕሮፎርማ የታለ?" አሉኝ።

"ኦቦ፣ የማዘጋጀው እኮ እኔው ነኝ።"

"አንተ ማህተም አለህ?" ብለው ሳቁ። (መቼም እዚህ አገር ነጻ ነገር ይጠረጠራል።)

ዛሬ ጠዋት የተገዛው ላይብረሪ በፍላሽ መጣ፤ አብሮት የመጣው ደብዳቤ ላይ የሻጩ ድርጅት ክብ ማህተም አርፎበታል። ከፍቼ ሳየው የፓኬጁ አዘጋጅ በሚለው ቦታ የእኔ ስም ተጽፏል። ያውም አሮጌው እትም! የነበረበትን የደህንነት ክፍተት ዘግቼ አዲሱን ከለቀቅኩ ቆይቷል።

ስሜን ለኦቦ ገመቹ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አዩትና "እንግዲያው ታውቀዋለህ ማለት ነው። በል፣ ትክክለኛ ነው ብለህ ፈርም" አሉኝ።

ፈረምኩ።

ነገ አሮጌውን እጭናለሁ። አዲሱ ማህተም የለውማ።

እስቲ ንገሩኝ፣ የገዛ ሥራውን ፈርሞ የተረከበ እኔ ብቻ አይደለሁም በሉኝ።