የበዓሉ አውሮፕላንና የእናቴ ፍየል

ባለፈው ዓረፋ አሶሳ ደርሼ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት፣ የነዳጁ ሽታ ከእርጥብ ሣር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ መጣብኝና፣ የልጆች እናት ነኝ ሳልል ደረጃው ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ልጅ ሳለሁ እዚሁ ሜዳ ላይ የሚያርፍ፣ ለበዓል ብቻ የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ነበር። የአንድ የግል ድርጅት ነው፤ ስሙ በፈረንጅኛ ስለተጻፈ የያዘው ሰው አልነበረም፣ ሁላችንም "የበዓሉ አውሮፕላን" ነበር የምንለው። ለዓረፋ የእኛን ሰዎች፣ ለመስቀል ደግሞ ከሌላ አገር መጥተው እኛ ዘንድ የሰፈሩትን ሰዎች ዘመዶች ከአዲስ አበባ ያመጣል። አባቴ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ወገቡን ስለሚያመው የአውቶቡሱን መንገድ አይችልም፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀማትን ለቲኬት አውጥቶ ለዓረፋ ከሰማይ ይወርድልን ነበር።

መጀመሪያ ባረፈ ቀን እናቴ ፍየል ይዛ ወጣች፤ እኛ ዘንድ ሰው ከመንገድ በሰላም ሲገባ ለምስጋና ከራማ ይታረዳል። ደሙን ጎማው ላይ ስትቀባ አብራሪው ደንግጦ ሊያጥበው ቢነሳ ሕዝቡ ጮኸበት። ኋላ ግን ከሥጋው ሲደርሰው ለመደና ፍየሉ ካልታረደ አልነሳም እያለ ይቀልድ ጀመር።

ሥራው ደራ። ሁለተኛ አውሮፕላን ተጨመረ፣ ከሆሞሻ ሳይቀር ሰው ጎረፈ፣ ከወሎ የሰፈረው ጎረቤታችን ጋሽ ይማም ቲኬት ሻጭ ሆኖ ማሳ ሲያርም እንኳ የማይፈታትን ከረባት አሰረ። ከዚያ ነዳጅ ተወደደ፤ አንደኛው አውሮፕላን መለዋወጫ አጥቶ ቆመ፣ ሌላው ይዘገይ ጀመር።

አንድ ዓረፋ ፍየላችንን ይዘን ሜዳው ዳር ስንጠብቅ ዋልን። ሰማዩ ዝም አለ። ጋሽ ይማም ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ከቶ መጣና እናቴን፣ "አብሽሪ እቴ፣ ለሚመጣው ዓረፋ፣ ኢንሻ አላህ" አላት። ፍየሉን እየጎተትን ተመለስን። ለሚመጣውም አልመጣም፤ ድርጅቱ ተዘጋ፣ ታፔላውም የጋሽ ይማም የዶሮ ቤት በር ሆነ።

አባቴ ሳያየን አዲስ አበባ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ጋሽ ይማም ያንን ፍየል ለሰደቃው ሊያርደው ሲነሳ እናቴ ገመዱን እጇ ላይ ጠመጠመች። አማርኛው አይሞላላትም ነበር።

"እምቢ፣ ይማም! ይሄ ፍየል ለመምጣት ነው፣ ለመሞት አይደለም።"

ሌላ ፍየል ታረደ። ያኛው ግቢያችን ውስጥ ጥርሱ እስኪረግፍ ኖረ፤ በእርጅና ሲሞት እናቴ ማንጎው ሥር ቀበረችው። ሰፈሩ ሳቀ። እኔ ግን የአባቴ ቀብር የመሰለኝ ያ ነው፣ ሌላ አላየሁም።

እናቴም ዛሬ የለችም። አሁን የሚመጣው አውሮፕላን ትልቅ ነው፣ በዓልም አይጠብቅም። ባለፈው ዓረፋ ዓይኔን ጠርጌ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስወጣ፣ አጥሩ ዳር ሰዎች ዘመዶቻቸውን እያቀፉ ነበር። ከመካከላቸው ፍየል የያዘ እንዳለ ፈለግሁ። በሰላም ገብቼ ነበር፤ ከራማ የሚያርድልኝ ግን አልነበረም።