ከማዶ ማንበብ

ጣሊያን በወጣ ማግስት ጎንደር ላይ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተከፍቶ መምህር ይፈለጋል ሲባል ሰማሁ። ከቁስቋም ወርጄ ተመዘገብሁ። ዳዊት ደግሜአለሁ፣ ቅኔም ትንሽ ቀምሻለሁ፤ ከዚያ ውጭ ይህ ነው የምለው ሙያ አልነበረኝም። ትምህርት ቤቱ የጣሊያን ዕቃ ማከማቻ የነበረ የቆርቆሮ ቤት ሲሆን ገና ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ለጀማሪዎች ንባብ ማስተማር ሆነ።

መጽሐፉ ለአንድ አግዳሚ ወንበር አንድ ነው። ልጆቹ ተጠጋግተው ተቀመጡ። መጽሐፉን ወደ እነሱ አዙሬ ዘረጋሁትና ፊት ለፊታቸው ቆሜ ማንበብ ጀመርሁ። እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይከተሉኛል። ሸጋ አድርጎ ሄደልን። ለካስ ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ያየን ኖሯል። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ኮቱን በሙቀትም የማያወልቅ፣ ቁጡ ሰው ነበር።

ወደ ውጭ ጠራኝና መጽሐፉ ለእኔ ተገልብጦ እንደነበር ነገረኝ። እንዴታ፣ ለልጆቹ ቀና እንዲሆን ነዋ፣ አልሁት። ፊቱ ጠቆረ። የቤተ ክህነት ሰው ሁሉን በቃሉ ይወጣዋል እንጂ ፊደል አይለይም የሚል ጥርጣሬ ነበረው። አልዋሸም፤ እንዲያ ያለ ሞልቶናል። ዳዊቱን በጆሮው ይይዝና መጽሐፉ ላይ ዓይኑን ብቻ ያንከራትታል። እኔንም ከእነዚያ ቆጠረኝ። እንጀራዬ በዚያው በጀመርሁበት ቀን ሊቋረጥ ሆነ።

ቢሮው አስገባኝና ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ዓይቼው የማላውቀው ጋዜጣ ሰጠኝ። እንዳነብለት ጠየቀኝ። ቀና አድርጌ ያዝሁትና ተንተባተብሁ። ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ግን ቶሎ ቶሎ አልመጣ አሉኝ። ዳይሬክተሩ ጋዜጣውን ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ፣ ትንሽ ይታገሡኝ ብዬ ገለበጥሁትና እንደ ውኃ አወረድሁለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ። ቤታችን ያለው ዳዊት አንድ ነው፣ ወንዶች ልጆች ግን አምስት ነን። ታላላቆቼ ከአባታችን ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ እኔ የመጨረሻው የተረፈኝ ቦታ ከማዶ ነበር። እናም ፊደል የለየሁት ተገልብጦ ነው። ይህን ስነግረው ዳይሬክተሩ እንባው እስኪመጣ ድረስ ሳቀ።

"እንግዲያው ያስተምሩ። የቅጥር ወረቀቱን ግን እንደ ሰው ይፈርሙልኝ" አለኝ።

ቀና አድርጎ ማንበቡንም እያደር ለመድሁት። የድሮውን ግን አልተውሁም፣ ለሥራዬ ጠቀመኝ። ሌላው መምህር የተማሪውን ስሕተት ለማየት ከጀርባው ይቆማል፣ ወይ ደብተሩን ከእጁ ይነጥቃል። ልጅ ደግሞ ከጀርባው ሰው ሲቆም ምራቁ ይደርቃል። እኔ ከፊቱ በርጩማ ስቤ እቀመጣለሁ። እሱ ገጹን እንደያዘ ነው፤ እኔ ከማዶ ሆኜ ቀጥ ባለች የስፌት ስንደዶ ፊደሉን አመለክተዋለሁ። ስንደዶዋን ያመጣኋት ከአባቴ ቤት ልማድ ነው፣ ጣት መጽሐፍ ያቆሽሻል ስለሚሉ።

ከጎንደር ወደ ዳባት ተዛወርሁ። የወገራ ብርድ ቀለሙን በብልቃጡ ውስጥ ያረጋዋል፤ ጠዋት ጠዋት ብልቃጡን በብብታችን ይዘን እናሞቀው ነበር። አንድ ቀን አንድ የተማሪ አባት መጥቶ ሲያየኝ ቆየና "አያ መምህር፣ ምነው እርስዎም ልጄም አንድ ገጽ ላይ ተፋጠጣችሁ? መጽሐፉን የማን እናድርገው?" አለኝ። የልጅዎ ነው፣ እኔ ከማዶ ነው የምሻማው፣ አልሁት። ያቺ ቃል በወረዳው ተዛምታ "የማዶው መምህር" የሚል ስም አወጡልኝ። አልከፋኝም።

ባለቤቴን የሺን ያገባሁት ዳባት ሳለሁ ነው። የእንፍራንዝ ቄስ ልጅ ናት። ወንድሞቿ ድቁና ተቀበሉ፣ እሷ ፈትል ተማረች፤ የዘመኑ ወግ እንዲያ ነበር። ከሥራ ስመለስ ገበታ ተነሥቶ እሷ ከፊቴ እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች፣ እኔ ያገኘሁትን አነብላታለሁ። ጋዜጣ ይሁን፣ ድርሳን ይሁን፣ የልብ ወለድ መጽሐፍ ይሁን፣ አትመርጥም። የማስተማር አመል ተጣብቶኝ ኖሮ ለእሷም ሳነብ ስንደዶዋን በመስመሩ ሥር አስኬዳለሁ። ክፉ ሰው ያለበት ታሪክ ሲሆን ክሩ ይበጠስባታል። "የታባቱ" ትላለች፣ ትቀጥለዋለች፤ እኔም እቀጥላለሁ።

ጡረታ ስወጣ ሰዉ ሁሉ አዘነልኝ። አይዞህ የሚለኝ በዛ። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። ቁስቋም ወዳለው ቤታችን ገባን። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ፣ በዝግታ ወደ ፒያሳ እወርዳለሁ። ጋዜጣ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ያረጃል፤ ቢሆንም ለእኔ ትኩስ ነው። አንዲት ሻይ ይዤ አርእስቱን ብቻ እቃኛለሁ። ውስጡን አልነካም፣ እሱ ከየሺ ጋር ነው የሚነበብ።

ሌላው ደስታዬ ጉዞ ነው። አንዳንድ ቀን ደባርቅ፣ አንዳንድ ቀን እንፍራንዝ የሺ እኅት ዘንድ እንሄዳለን። ማኪናው ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ቦታ ካገኘሁ ቀኑ የኔ ነው። የወንዙን ስም፣ የጋራውን ስም፣ መንገድ ዳር የሞተው ማኪና የማን እንደነበር እጠይቃለሁ። የሺ "ሥራ የፈታ መምህር መንገዱን ይፈትናል" ትለኛለች። እሷም ግን ለስንቅ ጥሬዋን ቋጥራ ከእኔ ቀድማ ነው የምትነሣው።

ታዲያ ዓይኔ መዳመን ጀመረ። መጀመሪያ ጢስ መሰለኝ፤ ቀጥሎ ፊደሉ እርስ በርሱ ተጋባብኝ። ሆስፒታል ሄድሁ። ሐኪሙ ሞራ ነው፣ ሲበስል ይገፈፋል፣ እስከዚያ ይታገሡ አለኝ። መቼ እንደሚበስል ግን አልነገረኝም። ደነገጥሁ። የደነገጥሁት ለዓይኔ ብቻ አይደለም። ከሰዓት በኋላችን ምን ሊሆን ነው? ያችን ንባብ ካጣን፣ ሁለት ሽማግሌዎች ግድግዳ ስናይ ልንውል ነው ብዬ ፈራሁ።

ለየሺ አልነገርኋትም። አርእስቱን እንደምንም እለይና ውስጡን ከራሴ እጨምራለሁ። የጋዜጣ ነገር ያው ነው፤ አንድ ሹም ጎብኝቷል፣ አንድ ነገር ተመርቋል። ለጥቂት ጊዜ በዚህ ተወጣሁት። አንድ ቀን ግን አርእስቱም ጠፋኝ። ስንደዶዋን እያስኬድሁ፣ በጎጃም አዝመራው ሸጋ ሆኗል ይላል አልሁ።

የሺ እንዝርቷን አቆመች።

"እንዲያ አይልም" አለች።

ሳቄ መጣ። ታዲያ ምን ይላል አልኋት። ከማዶ ጎንበስ አለችና "አዲስ ድልድይ ተሠራ ነው የሚለው። ትናንትም ያሉትን አይልም ነበር፣ ዝም ብዬዎት ነው" አለችኝ።

ጋዜጣውን ወደ እሷ አዙሬ ሰጠኋት። አየችው፣ ግራ ገባት፣ መልሳ ገለበጠችውና አንዱን ዐምድ እስከ መጨረሻው ወረደችው። አንዳንድ ቃል ላይ ትቆማለች፣ ትቀጥላለች። ስንደዶዋ ለስንት ዘመን ፊደሉን አንድ በአንድ ስታሳያት ኖራለች፤ እኔ እማስተምረው ትምህርት ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

"ምነው ሳትነግሪኝ?" አልኋት።

"ብነግርዎ 'በይ እንግዲህ ራስሽ አንብቢ' ብለው ይተዉኛል ብዬ ፈርቼ ነዋ" አለች። ፈትሏን እያየች ነው የተናገረችው።

እንባዬ መጣና በሞራው አሳበብሁ።

ከዚያ ወዲያ እሷ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ። መጽሐፉን ቀና አድርጋ እንድትይዝ ላስለምዳት ሞክሬ ነበር፣ እምቢ አለች፤ ፊደሉ ያው ነው፣ ምን አስቸኮለኝ ትላለች። መጀመሪያ ላይ እየተንፏቀቀች ነበር። የተሳሳተችውን ላርማት አፌን ስከፍት ጋዜጣውን ዝቅ ታደርግና ትመለከተኛለች። ልማዴን ታውቃለች፤ ከማዶ እንኳ ሆኜ አፌ ይቸኩላል። እያደር ግን ፈጠነች፣ ክፉውን ሰው በክፉ ድምፅ፣ ደጉን በደግ ድምፅ ማንበብ ጀመረች። እኔ በዘመኔ እንዲያ አንብቤ አላውቅም።

በቀደም እንፍራንዝ ስንሄድ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ያዋሰኝን የልብ ወለድ መጽሐፍ ይዛ ነበር። ገልብጣ ስለያዘችው አንዳንዱ ተሳፋሪ ሊነግራት ይፈልግና ይተወዋል። ከአዘዞ ጀምራ ታነብልኝ ነበር። ታሪኩ አንዲት ልጅ ከቤቷ ጠፍታ የሄደችበት ላይ ደረሰ። እዚያ ላይ ድምፅዋ ቀረ።

የደከማት መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ። ደግሞ ሌላ ተገለጠ። ለካስ እያነበበች ነው፣ በዓይኗ ብቻ፣ ለራሷ። ከፋኝ፤ አልደብቅም። ልጅቷ ምን ሆነች? እኔ በወጣችበት በር ላይ ነው የቀረሁት። "ለእኔስ?" ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"ወይ ጉድ" አለች ብቻዋን።

"ምን ሆነች?" አልኋት።

"ቆዩኝ፣ ልጨርሰውና" አለችኝ። እጇን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገችና ንባቧን ቀጠለች።

ለወጣት መምህራን የምለው አንድ ነገር ነው። ተማሪያችሁ ማንበብ መቻሉን የምታውቁት እናንተን ሲረሳ ነው። ያን ጊዜ ዝም ብላችሁ ጠብቁት።