ለማሬ ጭንቅላት የተተወ ቦታ

ስደተኛ በሌሊት ይወጣል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔና ባለቤቴ ይታይሽ ግን መተማ አካባቢ ካለችው ከሽንፋ የወጣነው በቀትር፣ ጠባቂውም ዘራፊውም ጥላ ፍለጋ በሚበተንበት ሰዓት ነው። የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ነጂ ነበርሁ። እገታውና ተኩሱ ሲበረታ ሥራውም ቆመ፣ እኛም ተነሣን። አማቴ እስከ መንገዱ ዳር ሸኙን፤ ስንሄድ ማየት ስላልፈለጉ ፊታቸውን ወደ ማሽላው አዙረው ቆሙ።

ገላባትን ተሻግረን ገዳሪፍ፣ ሱዳንም ጦርነት ሲገባባት ግብፅ፣ ከግብፅ ደግሞ ስደተኛ የሚያሰፍሩ ሰዎች በአውሮፕላን ጀርመን አገቡን። በአንድ ትንፋሽ ስጽፈው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን የልጄን የማሬን ጭንቅላት ነገር ነው።

ማሬ ያለ ወሯ፣ በክረምት ተወለደች። ክረምት ስላችሁ የሽንፋ ወንዝ የሚሞላበት እንዳይመስላችሁ፤ የዚህ አገሩ ዝም ብሎ አጥንት የሚበላ ብርድ ነው። ሆስፒታል ውስጥ በመስታወት ሣጥን ከረመች። ወደ ቤት ስንወስዳት ነርሷ፣ "ስትተኛ በጀርባዋ ብቻ፤ ለትንፋሿ ደግ ነው" አለችን። እውነቷን ነው። የማሬ አንገት ግን ወደ ቀኝ ብቻ የሚዞር ሆነ። ይታይሽ በቀዶ ጥገና ስለ ወለደች ማዘል አልቻለችም፤ እኔም በእጄ ላይ የምትሰበር እየመሰለኝ እፈራለሁ። ስለዚህ ቀኑንም ሌቱንም ተጋድማ ዋለች። ሲቆይ የጭንቅላቷ የኋላ ቀኝ ጎን ተጠፈጠፈ፤ መሬት ላይ ተኝቶ ያደገ ቅል አይታችሁ ከሆነ እንደዚያ። ቀኝ ጆሮዋም ወደ ፊት ገፋ አለ።

ሐኪሟ መጀመሪያ አንገቷን የምናፍታታበትን አሳየችን፤ በነቃች ጊዜ በሆዷ አስተኟት፣ እቀፏት አለችን። አንገቷ ተፈታ፤ ጭንቅላቷ ግን አልመለስ አለ።

"እንግዲያው ሄልም ይደረግላት" አለች።

ሄልም የሚሉት ሞተረኛ የሚደፋውን ሄልሜት ነው። ይታይሽ ደነገጠች።

"አንጎሏን ሊጨፈልቁት ነው" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሐኪሟ አማርኛ የምታውቅ ይመስል።

ሄልሙን የሚሠራው ሰውዬ ሶርያዊ ሆኖ አገኘሁት። ከመተማ ገበያ የለቀምኋትን ዐረብኛ ሳወጣ ሳቀ።

"ይህ እኮ የሱዳን ዐረብኛ ነው። ሱዳናዊ ነህ?"

"ሐበሻ ነኝ። ከድንበሩ ማዶ።"

"እንደኔው ከሩቅ ነህ በለኛ" አለና ወንበር ሳበልን።

ማሬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኋት። የብርሃን ካሜራ በዙሪያዋ ሲያዞር አላለቀሰችም እንኳ። ወዲያው የልጄን ጭንቅላት ስክሪን ላይ ብቻውን ሲዞር አየሁት፤ አንድ ጎኑ የተገፋ።

"ይጫናታል ወይ በለው" አለች ይታይሽ።

"አይጫንም" አለ። መዳፉን እንደ ጣባ ጎድጎድ አደረገ። "የወጣው ጋ ዝም ብሎ ይነካታል። የጎደለው ጋ ባዶ ቦታ እተውላታለሁ። የሕፃን አጥንት ገና አልተጋጠመም። የምታድገው እሷ ናት፤ ጭንቅላቷ ባዶውን ይሞላዋል።"

ይህን ለይታይሽ በአማርኛ መለስሁላት። የተጣመመ የማረሻ ብረት በመዶሻ ቀጥቅጬ ሳቃና የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ቦታ በመተው ብቻ የሚቃና ነገር አላውቅም ነበር።

የዚህ አገሩን በጋ በሙሉ ማሬ ለመታጠብ ካልሆነ ሄልሟን አታወልቅም። ያልባታል፣ እንጠርጋለን፣ መልሰን እንደፋላታለን። አንድ ቀን አከራያችን፣ አሮጊት ናት፣ ደረጃ ላይ አስቆመችን።

"ልጅቷ ትወድቃለች?"

"አትወድቅም።"

"ግድግዳ ትመታለች?"

"ገና መዳህ አልጀመረችም።"

"ስትጀምርስ? ቀለሙ አዲስ ነው።"

በኛ አገር መጀመሪያ እግዜር ይማራት ይባላል፤ የግድግዳው ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቅጠሉ ሲረግፍ ሰውዬው ማሬን እንደገና በብርሃን አነሣት። የድሮውን ጭንቅላቷን በቀይ መስመር፣ የአሁኑን በአረንጓዴ አድርጎ አንዱን በሌላው ላይ ደረበው። ጎድጓዳው ሞልቷል። ጆሮዋ አሁንም ጥቂት ቀደም ይላል፤ ቢሆንም ሞልቷል።

"ይህን እኔ አልሠራሁትም" አለ ወደ ማሬ እየጠቆመ።

ይታይሽ ጣቷን በአረንጓዴው መስመር ላይ ቀስ አድርጋ አስኬደች።

"ማንም መንገዱን ሳያሳያት ሞላችው" አለች።

ሄልሙ በወለቀ ዕለት ሽንፋ በቪዲዮ ደወልን። አማቴ ስልኩን ከፊታቸው አስጠግተው ብቅ አሉ።

"ወለቀ፣ እማማ። ይዩዋት" አልኋቸው።

"አዙሪያት እስቲ" አሉ ለልጃቸው። "እንደሱ። ወደ ብርሃኑ።"

ይታይሽ አዞረቻት። ረጅም ጊዜ አዩ።

"ያማረ ራስ ነው" አሉ።

ከዚያ ስክሪኑ ጨለመ። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎን "እማማ? እማማ?" እያልን ተጣራን።

"አለሁ፣ አለሁ" ይላሉ፤ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል። ጨለማው ወዲያና ወዲህ ይላል። መዳፋቸውን ስልኩ ላይ አድርገው እየዳበሷት ነበር።