ሁሉንም ያዳርሳል ያልኩት

ጃቫ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የተማርኩት ከፎቶ ኮፒ ነው። ዲላ ውስጥ ጽሕፈት ሱቅ ስሠራ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኮፒ ሊያስደርግ ወፍራም መጽሐፍ አመጣ። ለእኔም አንድ ላስቀር ብዬ አስፈቀድኩት፤ ከዚያ ደንበኛ ሲጠፋ አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ እያልኩ ገፋሁበት። አስተማሪ ስላልነበረኝ የገባኝን ነገር ሁሉ እንደ ግል ንብረቴ ነበር የምሳሳለት።

ከሁሉም የወደድኩት ሃሽሴት የሚሉትን ነው። ከረጢት በሉት። አንድን ስም ሁለቴ ብትከቱበት አንዱን ብቻ ይይዛል። ከዚያ በአንዲት አጭር ትእዛዝ፣ ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ እያወጣ ያሳያችኋል። ማን እንደሚቀድም አይታወቅም፤ የገቡበትን ተራ አይጠብቅም። ግን አንዱንም ሳይዘል፣ አንዱንም ሳይደግም ያዳርሳል።

ከዓመታት በኋላ በአንድ ጤና ተቋም መዝገብ ክፍል ተቀጠርኩ። የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ለሁለት ቀን ሊመጡ ሆነ። የእኛ ችግር የታወቀ ነበር፤ አንዱን ሰው ቀበሌው ያስመዘግበዋል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ያስመዘግበዋል፣ ከዚያ ስሙ ሁለተኛ ሲጠራ የሚነሳ ይጠፋና ሰዓት ይባክናል። እኔ አለሁ አልኩ። ስምና የአባት ስም ይበቃል ብዬ የተመዝጋቢዎቹን ደብተር ሙሉ ለቅሜ ወደ ከረጢቴ ከተትኩ። ድግግሞሹ ረገፈ። እንዴት እንደኮራሁ።

የመጀመሪያው ቀን ክፍልና ዕቃ በማሰናዳት አለቀ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት በረንዳ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ መጥራት ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ ነገር መጣ። ገና ሳይነጋ የደረሱት ተቀምጠው፣ አርፍዶ የመጣ የከተማ ሰው ተጠርቶ ገባ። አንድ ዱላ የያዙ ሰውዬ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙና፣ «ይሄ ማሽን ዘመድ ያውቃል እንዴ?» አሉኝ። ሰው ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም። ከኋላ እየተገፋፉ ሲመጡ ጠረጴዛው ወደ ሆዴ ተጠጋ። ፈራሁ። ብድግ ብዬ ተናገርኩ፤ አጠገቤ የነበረች ሴት ወደ ጌዴኦኛ መለሰችልኝ።

«ተራ አይጠብቅም፣ እውነት ነው። ግን ሁሉንም ያዳርሳል። ሳይጠራ የሚቀር ሰው የለም።»

አመኑኝና ተቀመጡ።

ፊት ለፊቴ አግዳሚው ላይ ከኮንጋ ቀበሌ በሞተር ተፈናጥጠው የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ሁለቱም ዓይናቸው ነጭ ለብሷል። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዙረው ቀኑን ሙሉ ጠበቁ።

አሥር ሰዓት ላይ ስሙ አለቀ። ግቢው ጭር ብሏል። እሳቸው ግን እንደተቀመጡ ናቸው።

«እማማ፣ አልተጠሩም?»

ገና ነው አሉኝ። ስማቸውን ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ። ያንን ስም ጠዋት ጠርቼዋለሁ፤ ሌላ ሴትዮ ተነስተው ገብተዋል።

«ሰምቻለሁ እኮ ልጄ» አሉኝ። «ሌላ ሰው አቤት አለ። ሞክሼዬ ናት አልኩ። ማሽኑ ሰው አያስቀርም ብለሽ የለ? የእኔ ከኋላ ይመጣል ብዬ ተቀመጥኩ።»

ደብተሩን ገለጥኩ። ሁለት መስመር። አንድ ስም፣ አንድ የአባት ስም፤ አንደኛዋ ከጪጩ፣ ሁለተኛዋ ከኮንጋ። ከረጢቴ ሁለቱን ሴቶች አንድ አድርጓቸዋል። ያደረግኩትስ እኔ ነኝ።

ሮጥኩ። ዶክተሩ ጋውኑን አውልቋል፣ ነርሷ ሣጥን ትዘጋለች፣ ሾፌሩ ሳይመሽ እንውጣ ብሎ ሞተር አስነስቷል። በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ዶክተሩ አልተቆጣም።

«ሌላስ የቀረ አለ?» አለኝ።

ጠዋት ቢሆን ዓይኔን ሳላሽ እመልስለት ነበር። አላውቅም አልኩ። የቀረው ዕቃ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚበቃ፣ ሌላ ካለ ማን እንደሚብስ አይቶ መምረጥ እንዳለበት ነገረኝና፣ «አውቀሽ ነይ፣ እጠብቅሻለሁ» አለ።

የነርሷን የገቡ ታካሚዎች መዝገብ ተቀብዬ ከደብተሩ ጎን ዘረጋሁት። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ በጣቴ እየወረድኩ፣ ስም፣ አባት፣ አያት፣ ቀበሌ። የተደጋገመ ስም ባገኘሁ ቁጥር ጣቴን አቆማለሁ። ቀበሌው አንድ ነው፤ አያቱም አንድ፤ እለፊ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ጣቴ አልቦት ቀለሙን አበላሸው። እማማ የበረንዳውን ምሰሶ ይዘው ቆመዋል። መጨረሻው መስመር ላይ ደረስኩ። ደግሜ ከታች ወደ ላይ ወጣሁ።

«እሳቸው ብቻ ናቸው» አልኩት።

ዶክተሩ ጋውኑን መልሶ ለበሰ።

በማግስቱ የእኛ ነርስ ፋሻውን ስትፈታላቸው ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ያነባል። መጀመሪያ መስኮቱን አዩ፣ ከዚያ የገዛ ጣታቸውን፣ ከዚያ እኔን። የምትጣሪው አንቺ ነሽ ወይ አሉኝ። አዎ ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ ወቀሳዬን ልቀበል።

«ሞክሼዬስ?» አሉኝ። «በደንብ አየች?»

አላውቅም ነበር። ደብተሩን ይዤ የጪጩዋን ሴትዮ ልፈልግ ወጣሁ።