ሰው ያለው ወንበር

ገላን ኮንዶሚኒየም ፎቁ ሥር ያለችው ካፌዬ ያላት ስምንት ወንበር ብቻ ነው። ከስምንቱ አንዱን አንድ ደንበኛዬ ይዞብኛል። የሚቀመጥበትን አይደለም፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ባዶውን ማለቴ ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ይመጣል። ኮሌታው ያለቀ፣ ግን ሁሌም የተተኮሰ ሸሚዝ ይለብሳል። ላፕቶፑን ከፍቶ ሲጽፍ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል። "ወንበሩ ሰው አለው?" ሲሉት ቀና ሳይል "አለው" ይላል። እስከ ዛሬ የመጣ ሰው የለም።

አንድ ቀን ተናድጄ "ለመሆኑ ምንድን ነው የምትጽፈው?" አልኩት።

"መረጃ የሚቀመጥበት ዲስክ መልስ አልሰጥ ሲል ኮምፒውተሩ ምን እንደሚያደርግ ነው፣ እትዬ። ኮዱን ሌሎች ሠርተውታል፤ እኔ ማብራሪያውን ነው የምጽፈው።"

"ታዲያ ምን ያደርጋል?"

"መረጃ አምጣ ብሎ ያዘዘውን ትንሽ ይጠብቀዋል። ካልመጣለት ትእዛዙን ይሰርዛል። ግን ዲስኩ መሰረዙን እስኪያረጋግጥለት ድረስ ለመረጃው ያዘጋጀውን ቦታ ለሌላ አይሰጥም። መረጃው ዘግይቶ ቢመጣ ሌላው ላይ ይወድቃላ።"

"ካላረጋገጠለትስ?"

የቀዘቀዘውን ማኪያቶ አማሰለ። "እሱን ገና አልጻፍኩትም።"

ትናንት ካፌው ጢም ብሎ ሳለ አንዲት አሮጊት ከዘራ ይዘው ገቡ። ዓይኔ ባዶው ወንበር ላይ አረፈ። እሱ ግን ብድግ ብሎ የራሱን ሰጣቸውና ላፕቶፑን መስኮቱ ላይ አድርጎ ቆሞ መጻፉን ቀጠለ።

አሮጊቷ ፊታቸው ያለውን ወንበር እያሳዩት "ቁጭ በል እንጂ ልጄ፣ ይኸው ባዶ ነው" አሉት።

"ሰው አለው፣ እማማ" አላቸው።