የትግስት ዱባ

ደሪቱ የጎረቤቷን ዱባ ጠላችው። ዱባ የሚጠላ ነገር ሆኖ አይደለም፤ ልጇ ጋዲሳ ስለወደደው ነው።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የደሪቱና የትግስት በሮች ፊት ለፊት ይተያያሉ። የትግስት ባል ኦላና እና ጋዲሳ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል አብረው ይሠራሉ። አንድ ሚኒባስ ተጋፍተው ይሄዳሉ፤ አንድ ሚኒባስ ተጋፍተው ይመለሳሉ። ማታ ደረጃውን ወጥተው ሲጨርሱ ኦላና፣ «ና እንጂ፣ አንዴ ጎርሰህ ትሄዳለህ» ይለዋል። ጋዲሳም ይገባል። ደሪቱ ከበሯ ኋላ ቆማ የልጇን ሳቅ ታዳምጣለች። አባቱ ከሞተ ወዲህ በእሷ ቤት እንዲህ ስቆ አያውቅም።

ባሏ ጎበና ያረፈው በመስከረም ነበር። ድንኳኑ ፈርሶ ለቀስተኛው ሲበተን ገበታው ላይ የቀሩት እሷና ጋዲሳ ብቻ ሆኑ። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ደግሞ ጋዲሳም እየራቀ ነው። እሱ ሌላ ቤት መብላት ከለመደ፣ ደሪቱ ጠዋት ተነሥታ ሽንኩርት የምትልጠው ለማን ነው?

«እራት ላቅርብ?» ትለዋለች።

«በልቻለሁ፣ እማዬ።»

«ዛሬ ደግሞ ምን አበሉህ?»

«ዱባ በምስር።»

«ዱባ! ዱባ ደግሞ ምን አለው?»

«እኔ እንጃ፤ ብቻ ይጣፍጣል።»

አሠራሩን ደሪቱ ታውቀዋለች። የትግስት በር ክፍት ስለሚሆን ስትወጣ ስትገባ አይታዋለች። ትግስት ጎሮ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ስትመለስ ቦርሳዋን በቅጡ ሳታስቀምጥ ምስሩን አጥባ ትጥዳለች፤ ዱባውን እዚያው ላይ ትከታትፍበታለች፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ትንሽ ዘይት። ሊበስል ሲል ጎመን ቀነጣጥሳ ትጨምርበታለች። ልብሷን ቀይራ እስክትመጣ ወጡ ደርሷል። ቁሌት የለ፣ ማማሰል የለ። ለደሪቱ ይህ ወጥ ሳይሆን ስንፍና ነው። ታዲያ ልጇ ስንፍናን ጠርጎ ሲበላ፣ የእሷ ሲቀርብለት ግን ሁለት ጎርሶ «ጠገብኩ» የሚለው ለምንድን ነው?

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መልሱ የመጣላት መሰላት። ትግስት ጴንጤ ናት፤ ሁዳዴ አይመለከታትም። ቅቤ ጠብ አድርጋበት ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ ሲመጣላት ደሪቱ ደስ አላት።

ረቡዕ የትግስት የዕረፍት ቀን ነው። ደሪቱ በጠዋት ከጉልት ዱባ ገዛች። ሽንኩርቱን እንደ ወጓ አቁላላች፤ ምስሩንም ዱባውንም ጨመረች። ሲደርስ ጨው ቆንጥራ ጣል አደረገችበትና የጨው ዕቃውን እንደ ልማዷ ሳትከድነው ምድጃው አጠገብ ተወችው። አልቀመሰችም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አፏ ውስጥ ምንም አይገባም። በሳህን ጨልፋ ኮሪደሩን ተሻገረች።

«እትዬ ደሪቱ! ይግቡ፣ ይግቡ!»

«አልቀመጥም። ዱባ ሠርቼ ነው፤ የኔንም ቅመሽው ብዬ።» ዓይኗ ግን መደርደሪያው ላይ ይንከራተት ነበር።

«ምን ፈልገው ነው?»

«በዘይት ብቻ ነው የምትሠሪው?»

ትግስት ነገሩ ገባትና ሳቀች። «ቅቤ ነው የሚፈልጉት? በዚህ ኑሮ ቅቤ ባገኝ ፀጉሬን እቀባው ነበር እንጂ ዱባ ላይ አፈሰዋለሁ?» የዘይቱን ጀሪካን አንሥታ አሳየቻት። «ልጅዎን ጾም አላስገድፍም፤ አይስጉ።»

ደሪቱ አፈረች። ግን ከማፈሯም ይልቅ ቅቤ አለመኖሩ ቆጫት።

ትግስት ከሳህኑ በማንኪያ ቀመሰች። «ቁሌቱ እንዴት ያምራል! እኔ መቼም እንዲህ አይወጣልኝም። ግን...»

«ግን ምን?»

«ጨው የተዉት ለጤና ነው?»

«አድርጌበታለሁ!» ደሪቱ ሳህኗን ልትቀማት ምንም አልቀራትም። «ጋዲሳ ነው የነገረሽ?»

«ኧረ በፍጹም! ጋዲሳ ስለ እርስዎ ወጥ አንድ ቀን ክፉ ወጥቶት አያውቅም።»

ቤቷ ስትመለስ ዓይኗ የጨው ዕቃው ላይ አረፈ። ክዳኑ ጎኑ ተቀምጧል።

ጎበና ስኳር ነበረበት። መድኃኒቱን ስለሚወስድ የንስሐ አባቱ በጾም ቀንም በጠዋት እንዲበላ ፈቅደውለት ነበር። ስለዚህ የጾም ወጥ ጨው ቀማሹ እሱ ነበር። ደሪቱ አውቃ አሳንሳ ታደርግና በማንኪያ ታቀርብለታለች። እሱ አጣጥሞ፣ «ትንሽ ጨምሪበት» ይላል። ጨምራ ዕቃውን ትከድናለች። አሁንም ያነሰውን ታደርግና «ጨምሪበት» እስክትባል ክዳኑን ሳትገጥም ትቆያለች። የሚናገር የለም። ማታ ዕቃ ስታነሣ ትከድነዋለች። እሷ ወጧን በአዋዜ ስለምትጎርስ አልታወቃትም። ጋዲሳ ደግሞ ጨጓራ አለበት፤ አዋዜ አይነካም። «ጨው አንሷል» ማለት በዚህ ቤት የአንድ ሰው ሥራ ነበር። ልጁ ያንን ሥራ መውሰድ ከብዶት ኖሯል።

ጨው ልትጨምር እጇን ሰደደች፤ ግን ምን ያህል? በትዳር ዘመኗ ሁሉ እጇ የሚያውቀው ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ ጎበና ዘንድ ነበር።

እጇን መለሰች። ከዚያ በማንኪያ ጨልፋ፣ እንዳይንጠባጠብ መዳፏን ከሥር አድርጋ፣ እንደገና ተሻገረች።

«ቅመሽልኝ።»

ትግስት ቀመሰች። «ትንሽ ይጨምሩበት።»

ደሪቱ ማንኪያዋን ተቀበለች። ደስ አላት ማለት አይቻልም። ቃሉ የጎበና ነበር፤ ይህች ልጅ ልጇን ወስዳ አሁን ቃሉንም ወሰደች። ቢሆንም ተመልሳ ጨመረችና አመጣችላት።

«አሁን ልክ ነው» አለች ትግስት፤ ደሪቱ ቀደም ሲል ትታላት የሄደችውን ሳህን ጎተት አድርጋ ጨው ነሰነሰችበትና ደግማ ጎረሰች።

«ቀመስሽ እኮ!»

«ይኸኛው ለምሳዬ ነው፣ እትዬ።»

ማታ ኦላና ደረጃው ላይ «ና እንጂ» ማለት ሲጀምር ደሪቱ በሯን ከፈተች። «ዱባ እዚህም አለ» አለች። ጋዲሳ ጓደኛውን አየት አድርጎ እናቱን ተከትሎ ገባ። የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደ ግዴታ ጎረሰ። ሁለተኛውን ጎረሰ። ከዚያ ጠርጎ በላ፤ ሌላ እንጀራ ጨምሪልኝ አላት። ጨመረችለት። ሲጨርስ ዓይኑ ምድጃው አጠገብ ወዳለው የጨው ዕቃ ሄደ። ተከድኗል።

«ማን ቀመሰልሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

«ትግስት» አለች ደሪቱ። ስሙ ከአፏ ሲወጣ አሁንም ቆጠቆጣት። ትሪውን እያነሣች ቶሎ ጨመረችበት፦ «ቁሌቱ ግን የኔ ነው።»