አበልጅ የምትሆን ዐቃቤ ሕግ ትፈለጋለች

ባለፈው እሁድ ጠዋት ክርስትና ላነሳ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ... ጉድ አይቼ ተመለስኩ።

ከመነሻው ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን በብርድ እየተንዘፈዘፍኩ አምስት ዓመት ሕግ ተምሬ፣ ዘንድሮ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ተመደብኩ። ቦታው ከአንኮበር አለፍ ብላ ያለች፣ ስሟን የማልጠራት ትንሽ ከተማ ናት። ዘመድ የለኝ፣ ጓደኛ የለኝ። እና ዓርብ ዕለት ጋሽ ተሰማ የሚባል፣ ጋቢውን አሳምሮ የለበሰ ሰውዬ ከነሚስቱ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ሴት ልጃችንን ክርስትና አንሺልን» ሲለኝ ልቤ ቅልጥ አለ።

«እኔን ከየት አወቃችሁኝ?» አልኩ።

«ሕግ የተማረች ልጅ መጣች ሲሉ ሰማን። ልጃችንም እንዳንቺ እንድትሆንልን ብለን ነው፣ የኔ እመቤት።»

እንዴት ያለ የተባረከ ሰው ነው ብዬ ቀሚስ ሁሉ ገዛሁላት። ሞኝ አትበሉኝ፣ ራሴ ብዬዋለሁ።

እሁድ ሕፃኗን ታቅፌ ተራ ስንጠብቅ አንዲት ሴት ፊቴ ቆመች። እትዬ አስካለ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ሐሙስ ዕለት የተሰበረ እጇን በሻሽ አንጠልጥላ ቢሮዬ የመጣች ሴት። «የባሌ ወንድም መሬቱን ካልለቀቅሽ ብሎ ሰበረኝ» ስትለኝ፣ መዝገቡ ከፖሊስ እስኪመጣ ጠብቂ ብዬ ሸኝቻት ነበር። ያ መሬት የልጆቿ ጉሮሮ ነው።

ሕፃኗን አየች። ጋሽ ተሰማን አየች። ከዚያ እኔን...

«አንቺንም ያዘሽ ልጄ?»

«ምን ማለትሽ ነው እትዬ አስካለ?»

«እጄን የሰበረው እሱ ነዋ! ትልቁን ልጁን ክርስትና ያነሳለት መርማሪው ፖሊስ ነው። መካከለኛውን የቀበሌው ሊቀ መንበር። ትንሹን ያንቺው አለቃ። አሁን ሴት ወለደና ሴት ሹም ከየት ያመጣል ስንል... አንቺ መጣሽለት።»

እናንተዬ! ሰው ለዘር ይወልዳል፣ ለጧሪ ይወልዳል ሲባል ሰምቻለሁ። መሥሪያ ቤት እየቆጠረ የሚወልድ ግን ያን ቀን አየሁ። አበልጅህን ብትከስ አገር ይተፋሃል፣ ዝም ብትል ሕግ ይተፋሃል፤ ሰውዬው ይህቺን አሳምሮ ያውቃታል። አምስት ዓመት ስለ ጉቦ ስንማር በፖስታ ይመጣል ተባልን እንጂ፣ በመታቀፊያ ተጠቅልሎ፣ አውራ ጣቱን እየጠባ ይመጣል ያለን የለም።

ናቅኩት። ከልቤ ናቅኩት። ሕፃኗን ለእናቷ መለስኩና «ሌላ ፈልጉ» አልኩ።

የጋሽ ተሰማ ፊት ተለዋወጠ። «በሬ ጥዬ፣ አገር ጠርቼ! ምን አጠፋሁ?»

«በሬውን ብሉት። እኔ ከከሰስኩት ሰው ጋር አበልጅ አልሆንም።»

«መቼ ከሰስሽኝ?»

«መዝገብህ የመጣ ቀን!»

ቄሱ ብቅ ብለው «ኧረ ሰዓት ሄደ! የክርስትና እናቷ ማን ናት?» አሉ።

ያፍራል ብዬ ነበር። ምን ሲደረግ! ሴቶቹ ወደቆሙበት ዓይኑን ላከ፣ አንዷን መረጠ፣ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አንሾካሾከላት። ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እየተሽኮረመመች መጥታ ሕፃኗን ተቀበለች። እኔ ለአገሩ እንግዳ ነኝ፣ ማን እንደሆነች አላወቅኩም።

ከዚያ በየቀኑ ፖሊስ ጣቢያ እየተመላለስኩ፣ መርማሪው እያዛጋ፣ አለቃዬ እያጉረመረመ፣ መዝገቡን አስመጣሁ። ክሱን ጽፌ ትናንት እትዬ አስካለን አስከትዬ ፍርድ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ አንገቴን አስግጌ «ክስ ላስገባ ነው» አልኩ።

ከውስጥ ቀና ብላ ያየችኝ ያችው ነጠላዋን ያስተካከለችው ሴት ናት። ክሱን ተቀበለችኝ፣ የተከሳሹን ስም አነበበች... «ኔትወርክ የለም፣ ሌላ ቀን ነይ» አለችኝ።

እትዬ አስካለ በደህና እጇ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ዳኛው እንኳ ገና ነጻ ናቸው» አለችኝ ቀስ ብላ።

ነጻ ናቸው፣ እውነት ነው። የሰውዬው ሚስት ግን፣ ይባርካት፣ ወላድ ናት።